ያለቀው ተገኘ! ለልጅ የሚነገር ውሸት፣ ውሸት አይደለምን?



ትንንሽ ልጆች ካሉበት ቤት ሳቅ አይጠፋም። የቤት ኪራይ ቢጨምር፣ የዘይት ዋጋ ሰማይ ቢነካ፣ አባት ቀኑን ሙሉ ተኮሳትሮ ቢውል፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ያ የአራት ዓመት ልጅ አንድ ነገር ጣል ያደርግና ሳይወድ በግድ ያንከተክተዋል። ይህ አላህ (ሱ.ወ) ለወላጆች የሰጠው ታላቅ ጸጋ ነው። ሀብታሙም ድሃውም እኩል ይደርሰዋል። ይሁንና ሳቁ በረድ ካለ በኋላ ጥቂት ቆም ብሎ ለሚያስብ ሰው አንድ ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። ለመሆኑ የሳቅነው በማን ነው? በልጁ ነው ወይስ በራሳችን?

ልጅ የሚያስቀን ስለማያውቅ ነው የሚሉ አሉ። በከፊል ልክ ናቸው። ነገር ግን የልጆችን ወግ ሰብሰብ አድርጎ ለሚመለከት ሰው የአብዛኛው ምንጭ ሌላ ሆኖ ይገኛል። ልጆች የሚያስቁን የተነገራቸውን ቃል ልክ እንደተነገራቸው ስለሚወስዱት ነው። አዋቂዎች አንዱን ብለን ሌላውን ማለታችን መሆኑን እርስ በርስ እንግባባለን። «ቤት የለም» ሲባል «ሊያነጋግርህ አልፈለገም» ማለት እንደሆነ፣ «እናያለን» ሲባል «እርሳው» ማለት እንደሆነ ይገባናል። ልጁ ግን ይህን ድብቅ መዝገበ ቃላት ገና አልተማረም። ስለዚህ ቃሉን ይዞ ይመጣና በሰው ፊት ያፋጥጠናል።

አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ!

በአንድ የዒድ ቀን ለዝየራ የሄድንበት ቤት ያየሁትን ላውጋችሁ። እንግዶቹ ተቀምጠን ቡናው ሲፈላ፣ የቤቱ እመቤት ከቁም ሳጥን ውስጥ በሳህን የሞላ ብስኩት ይዘው ብቅ አሉ። ይህን ጊዜ መሬት ላይ ሲጫወት የነበረው ትንሹ ልጃቸው ተነሥቶ ዓይኑን አፈጠጠ። ጧት ብስኩት ሲጠይቅ «አለቀ» ተብሎ ነበር ለካ። «እማዬ! ያለቀው ተገኘ!» ብሎ ጮኸ። እናት ደንግጠው ዝም ቢሉ፣ «አልሐምዱሊላህ በይ እንጂ!» ሲል ጨመረላቸው። በዚያ ቤት የጠፋ ነገር ሲገኝ አልሐምዱሊላህ ይባላልና።

በሳቅ የፈነዳን እንግዶች ብዙ ነበርን። ልብ ብላችሁ ከሆነ ግን ልጁ እናቱን እየከሰሰ አልነበረም። እንኳን ደስ ያለሽ እያላት ነው። እናቱ ልትዋሽ ትችላለች የሚለው ሐሳብ ከነጭራሹ በአእምሮው አልመጣም። ብስኩቱ አልቆ ነበር፣ እናቱ እንዲህ ብላለችና። አሁን ደግሞ አለ፣ ይኸው በዓይኑ ያየዋል። ስለዚህ አንድ ተአምር ተፈጽሟል ማለት ነው። የእናቱን ቃል ከሚጠራጠር ይልቅ ተአምር መቀበል ቀለለው።

በየሰፈሩ ባለቤቱ እየተቀያየረ የሚወራ ሌላም ወግ አለ። የዕቁብ ሰብሳቢ በር ያንኳኳል። አባት ልጁን «የለም በለው» ብሎ ይልከዋል። ልጁም በታማኝነት «አባዬ የለም» ይላል። ሰውየው «መቼ ይመጣል?» ብሎ ሲጠይቅ፣ ይህ መልስ አልተሰጠውምና ፊቱን ወደ ጓዳ አዙሮ «አባዬ! መቼ ነው የምትመጣው?» ብሎ ይጮኻል። ይህን ስንሰማ እንስቃለን። ግን ለጥቂት ጊዜ በልጁ ቦታ እንቁም። በዚያ በር ላይ ከሦስቱ ሰዎች መካከል የታዘዘውን በቅን ልብ የፈጸመ እርሱ ብቻ ነው። ውሸቱን የሠራው አባት ነው፣ የተሸከመው ግን ልጁ ነው።

በተራ የሚጾም ወንድ

ልጆች ደግሞ ራሳቸው የሚፈጥሩት አለ። ባለፈው ረመዳን የሰባት ዓመቷ ትልቋ ልጄ እስከ ዙህር እየጾመች ሁለት ግማሽ አንድ ሙሉ ነው በሚል ሒሳብ ቀኖቿን ትገጣጥም ነበር። ስድስተኛው ቀን ላይ «ሦስት ሙሉ ጾሜያለሁ» ብላ ለአያቷ በስልክ አበሰረች። የአምስት ዓመቱ ወንድሟ ይህን ሰምቶ ዝም አላለም። «እኔ ሌሊቱን ሙሉ አልበላም፣ አልጠጣም። ስለዚህ እኔና አባዬ የምንጾመው በተራ ነው» አለ። እኔ የቀን ተረኛ፣ እርሱ የሌሊት ተረኛ መሆናችን ነው።

ጥቂት ቀን ቆይቶ እርሱም በቀን ልጹም አለና ለዐስር ሶላት ዉዱእ አድርጎ ሲመለስ አገጩ፣ አንገቱና የሸሚዙ ደረት በውሃ ርሶ ነበር። ማንም ሳይጠይቀው «አልጠጣሁም» አለ። «አፌን ስጉመጠመጥ ውሃው ራሱ ነው የገባው።» እኔም «ውሃው ታዲያ ይጣፍጥ ነበር?» አልኩት። «በጣም!» አለኝ ፊቱ እየበራ።

ይህ ውሸት ነውን? ስዊዘርላንዳዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ዣን ፒያዤ እ.ኤ.አ በ1932 ባሳተመው ስለ ልጆች የሥነ ምግባር ፍርድ በሚናገር መጽሐፉ ይህን የመሰለ ጉዳይ መርምሮ ነበር። ላም የሚያክል ውሻ አየሁ ያለ ልጅና መምህሩ ሳያመሰግነው ተመሰገንኩ ብሎ እናቱን ያታለለ ልጅ፣ ከሁለቱ የባሰ ውሸታም ማን ነው ብሎ ሲጠይቅ ትንንሾቹ የባሰው ባለ ውሻው ነው አሉት። ላም የሚያክል ውሻ ፈጽሞ የለምና! ከፍ ያሉት ልጆች ግን ፍርዱን ገለበጡት። የሚከፋው የሚታመነው ውሸት ነው፣ ሰውን የሚያታልለው እርሱ ነው አሉ። እንግዲህ ትንሽ ልጅ ውሸትን የሚመዝነው ከእውነታው በራቀበት መጠን እንጂ በውስጡ ባለው የማታለል ኒያ አይደለም። ውሃው ራሱ ገባ የሚለው ልጅም ሰውን ለማሞኘት የተነሣ አጭበርባሪ ሳይሆን መጾምንም መጠጣትንም እኩል የፈለገ ሚስኪን ነው። እንዲህ ያለውን «ውሸታም» ብሎ መፈረጅ ትልቅ በደል ነው። ሳቅ በቦታው ነው። ጾም በእርሱ ላይ ገና ግዴታ አለመሆኑን በፍቅር መንገርም በቦታው ነው።

ሰሓቢያቷ ሩበይዕ ቢንት ሙዓዊዝ (ረ.ዐ) የዓሹራን ጾም አስመልክተው የተናገሩትን ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውልናል። በዚያ ዘመን ልጆቻቸውንም ያስጾሙ ነበር። ከሱፍ መጫወቻ ይሠሩላቸውና ልጁ ርቦት ሲያለቅስ እስከ ማፍጠሪያው ሰዓት በመጫወቻው ያጫውቱት ነበር። ልብ በሉ! ያለቀሰውን ልጅ ምግብ አለቀ አላሉትም። አሁን ይመሻል እያሉ ጧት ላይ አልዋሹትም። መጫወቻ ሰጡት። ማባበል እንደ ውሸት ሁሉ ያረጀ ጥበብ ነው፣ ሆኖም ከውሸት ጋር ዝምድና የለውም።

ባዶ እጅ

እዚህ ላይ አንባቢ፣ «ታዲያ ለሕፃን ብስኩት አለቀ ማለት ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል?» ሊለኝ ይችላል። መከራከሪያው የሚናቅ አይደለም። ውሸት የሚወገዘው ሰውን ስለሚጎዳ ነው፣ እዚህ ደግሞ የተጎዳ የለም። እንዲያውም ልጁ ጥርሱ ዳነለት፣ ምሳውንም በላ። እናትም ለግማሽ ሰዓት ከሚዘልቅ ለቅሶ ተገላገለች። ደግሞስ ለሦስት ዓመት ልጅ ስለ ስኳር ጉዳት ንግግር ማድረግ ይቻላልን?

ጀርመናዊው ፈላስፋ ኢማኑኤል ካንት እ.ኤ.አ በ1797 በጻፈው አጭር ጽሑፍ፣ ነፍሰ ገዳይ በርህን አንኳኩቶ የሚያሳድደው ሰው ቤትህ ውስጥ መኖሩን ቢጠይቅህ እንኳ መዋሸት አይፈቀድልህም እስከ ማለት ደርሷል። የእኛ ዑለማዎች እንዲህ አላጠበቁትም። የንጹሕ ሰው ነፍስ ለማትረፍ መዋሸት ግዴታ የሚሆንበት ጊዜ መኖሩን ኢማም ነወዊን የመሰሉ ሊቃውንት ጽፈዋል። ከሐዲስ በመነሣትም ሦስት ቦታዎችን ይጠቅሳሉ፤ ጦርነት፣ የተጣሉ ሰዎችን ማስታረቅና በባልና በሚስት መካከል የሚነገር ቃል። ዝርዝሩ አጭር ነው። ልጅ ማባበል ግን በውስጡ የለም።

የለም ብቻ ሳይሆን በተቃራኒው የተነገረ አለ። ዐብዱላህ ኢብኑ ዓሚር (ረ.ዐ) ትንሽ ልጅ ሳሉ የአላህ መልእክተኛ (ሰ.ዐ.ወ) ቤታቸው ተቀምጠው ነበር። እናታቸው ና፣ የምሰጥህ አለኝ ብለው ጠሯቸው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ምን ልትሰጪው አስበሽ ነው ብለው ጠየቋት። ተምር አለች። ምንም ባትሰጪው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍብሽ ነበር አሏት። አቡ ዳውድ ዘግበውታል።

አንድ ፍሬ ተምር! ወይም በተምሩ ፈንታ ባዶ እጅ! በየቤታችን በቀን አሥር ጊዜ የሚፈጸም ነገር ነው። ሕፃን ከመንገድ ለመመለስ፣ ድመት ከመጎተት ለማስቆም፣ ካልሲ ለማልበስ «ና ከረሜላ ልስጥህ» ይባላል፣ ሲመጣም ይያዛል፣ ከረሜላው ይረሳል። በሐዲሱ ውስጥ የሚያስደንቀኝ የመዝገቡ ነገር ነው። ውሸት ሆኖ የሚጻፈው የሰሚው ዕድሜ ታይቶ አይደለም። ልጁ ለአዋቂ የሚሰጠው ክብር ይሰጠዋል፣ ቃል የተገባለት ሰው ነውና።

ስኳር እንዴት ይብራራለታል ለሚለው ደግሞ ቡኻሪና ሙስሊም የዘገቡት ሌላ ታሪክ መልስ አለው። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የልጅ ልጅ ሐሰን (ረ.ዐ) ሕፃን ሳለ ከሶደቃ ተምር አንዷን አንሥቶ አፉ ውስጥ ከተታት። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) ሕፃን እንዲተፋ በሚባልበት የልጅ ድምፅ «ኪኽ፣ ኪኽ» አሉት። ቀጥለውም እኛ ሶደቃ እንደማንበላ አታውቅምን ብለው ምክንያቱን ነገሩት። በመጀመሪያ በልጁ ቋንቋ፣ ቀጥሎ በእውነቱ። ይመርራል አላሉትም፣ ጅብ ይመጣብሃልም አላሉትም። ሕፃኑ የሶደቃን ሕግ ከነዝርዝሩ እንደማይረዳ ግልጽ ነው። ነገር ግን የሚነገረው ነገር እውነት እንዲሆን መብቱ ነው፣ መረዳቱ በዕድሜው ይደርሳል።

እውነት መናገር ማለት ሁሉንም መናገር ማለት እንዳልሆነም መታወቅ አለበት። ለልጅ የማይነገር ብዙ ነገር አለ። ዝም ማለት ይቻላል፣ «ስታድግ እነግርሃለሁ» ማለት ይቻላል፣ «አይሆንም» ማለትም ይቻላል። በአንድ ጁሙዓ ከመስጂድ ስንወጣ የልጄ ጫማ ጠፋች። በባዶ እግሩ ጀርባዬ ላይ ሆኖ ጥቂት ካሰበ በኋላ «አባዬ፣ ሌባው ሰግዶ ነው የሰረቀው ወይስ ሳይሰግድ?» አለኝ። ከባድ ጥያቄ ነው። ሊቃውንትም ስለ ኢባዳና ስለ ሥነ ምግባር ግንኙነት ብዙ ጽፈውበታል። ሰው ሰግዶም ሊያጠፋ እንደሚችል፣ ያጠፋ ሰው ግን ተውበት ማድረግና የወሰደውን መመለስ እንዳለበት ነገርኩት። እንደገና አሰበና «ሚስኪን! ጫማዋ እኮ ትንሽ ናት፣ እግሩ አይገባለትም» አለ። ለሌባው አዘነለት። «ጫማህን ወፍ ወሰዳት» ብለው ኖሮ ይህን ርኅራኄ ባልሰማሁ ነበር።

ቀልድና ማታለል

እንግዲያው ቤታችን ቀልድ የማይገባበት የፍርድ ቤት ችሎት ይሁን ማለቴ ነውን? አይደለም። ልጅ ያለ ጨዋታ አያድግም። ኢማም ገዛሊ እንኳ ልጅ አማና መሆኑን አጥብቀው ባስተማሩበት በኢሕያ ዑሉሙድ-ዲን፣ ከትምህርት በኋላ እንዲጫወት ካልተፈቀደለት ልቡ እንደሚሞት አሳስበዋል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከልጆች ጋር ይቀልዱ ነበር። የአነስ (ረ.ዐ) ታናሽ ወንድም አንዲት ትንሽ ወፍ ነበረችው። ነቢዩም (ሰ.ዐ.ወ) አቡ ዑመይር እያሉ እንደ ትልቅ ሰው በኩንያ እየጠሩት ወፊቱ ምን እንደሆነች ቤት በሚመታ ቃል ይጠይቁት ነበር። የሚጋልበው ለጠየቃቸው ሰው የግመል ልጅ እሰጥሃለሁ ብለውት፣ ሰውየው በግልገል ምን ሊሠራ እንደሚችል ግራ ሲገባው፣ ግመል ሁሉ የግመል ልጅ አይደለምን አሉት። ሳቅ አለበት፣ ውሸት ግን የለበትም።

የዓኢሻ (ረ.ዐ) አሻንጉሊቶች ታሪክ ደግሞ ለዚህ ጉዳይ ቁልፍ ነው። አቡ ዳውድ እንደዘገቡት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በአሻንጉሊቶቿ መካከል ባለ ሁለት ክንፍ ፈረስ አይተው፣ ፈረስ ደግሞ ክንፍ አለውን ብለው ጠየቋት። የሱለይማን ፈረሶች ክንፍ እንደነበራቸው አልሰሙምን ብላ መለሰችላቸው። የመንጋጋ ጥርሳቸው እስኪታይ ድረስ ሳቁ። ምናቧን ውሸት ብለው አልነቀፉም።

ድንበሩ እንግዲህ እዚህ ላይ የተሰመረ ይመስለኛል። ጨዋታ ሁለቱም ወገኖች ጨዋታ መሆኑን የሚያውቁት ነገር ነው። ልጄ ሙዳይ ክዳን ይዞ መሪ እያዞረ «አራት ኪሎ! አራት ኪሎ!» ሲል፣ እኔም ሒሳብ ከፍዬ ወንበሩ ላይ ስቀመጥ፣ ታክሲ አለመኖሩን ሁለታችንም እናውቃለን። ማንም አልተታለለም። በማታለል ግን የሚያውቀው አንዱ ብቻ ነው፣ የሚስቀውም አንዱ ብቻ ነው። ሌላው የሚሳቅበት ነው። ልጆችን በጅብ ማስፈራራትም ከዚህ ይመደባል። ጅብ ሆኖ አብሮ መንፏቀቅ ጨዋታ ነው። ጨለማ ውስጥ ተኝቶ ለሚንቀጠቀጥ ልጅ ጅቡ በር ላይ ነው ማለት ግን ጨዋታ አይደለም።

«ኢንሻአላህ ነው ወይስ እውነት?»

አሁን ወደ ከባዱ ነገር ልድረስ። ይህን ጽሑፍ እንድጽፍ የገፋፋኝም እርሱ ነው። ከመርካቶ በታክሲ ስመለስ ከፊት ለፊቴ አንድ አባትና አምስት ዓመት የሚሆናት ልጁ ተቀምጠው ነበር። ልጅቱ «አባዬ፣ ነገ አያቴ ጋ እንሄዳለን?» አለች። አባት በመስኮት ውጭ ውጭውን እያየ «ኢንሻአላህ» አለ። ልጅቱ እጅጌውን ጎተት አደረገችና፣ «ኢንሻአላህ ነው ወይስ እውነት?» አለችው።

ታክሲው በሳቅ ተናጋ። ረዳቱ ሒሳብ መቀበሉን ትቶ ሳቀ። ቃሉን በጉርብትና የሚያውቁት ክርስቲያን ተሳፋሪዎችም ሳቁ። አባትየውም ሳቀ። የልጅቱ ፊት ግን አልሳቀም፤ መልሱን እየጠበቀች ነበር።

ውድ አንባብያን፣ ይህች ልጅ ምን አለች? በአምስት ዓመት ዕድሜዋ «ኢንሻአላህ» እና «እውነት» ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ተምራለች። ከመድረሳ አልተማረችውም፣ ከመጽሐፍም አላነበበችውም። የሰማችውን ደጋግማ ከሆነው ጋር አነጻጽራ የደረሰችበት ግኝት ነው። በዚህም አይፈረድባትም። ለመደለያ «ኢንሻአላህ» ከተባለ በኋላ ያልሆነው ነገር በበዛበት ቤት ያደገ ልጅ ሌላ ትርጉም ከየት ያመጣል?

በሱረቱል ከህፍ አላህ (ሱ.ወ) ማንኛውንም ነገር ነገ እሠራለሁ ስንል ፈቃዱን እንድናያይዝ አዝዞናል። የትእዛዙ መንፈስ ግልጽ ነው። ሰው ቁርጥ ሐሳብ አድርጎ፣ አቅሙን አሰባስቦ፣ ውጤቱን ግን ለጌታው ይተዋል። ኢንሻአላህ ያለ ሰው ከሌላው የበለጠ ለመፈጸም የተነሣ ሰው መሆን ነበረበት፤ በቃሉ ላይ የአላህን ስም ጠርቷልና። በብዙ ሰው አፍ ግን ቃሉ ተገልብጦ «አይሆንም» ለማለት ድፍረት ያጣ ሰው መሸሸጊያ ሆኗል። አዋቂዎች ይህን ለምደነዋል፣ «የሐበሻ ቀጠሮ» እያልን እንደምንስቅበት ሁሉ እናልፈዋለን። ልጁ ግን አያልፈውም። ልጁ ቃሉን የሚማረው ገና አሁን ነው። ብስኩት አለቀ ሲባል የሚጎዳው የእናት ቃል ነው። ኢንሻአላህ ተብሎ ሲዋሽ ግን በልጁ ጆሮ ውስጥ የሚጎድለው የማን ስም እንደሆነ እናስተውል። ያ ልጅ ነገ አላህ ቃል ስለገባው ጀነት፣ ስለ ምሕረቱ፣ ስለ ፍትሑ ሲነገረው በየትኛው ጆሮው እንዲሰማ ነው የምንጠብቀው?

ልጆች ይረሳሉ የሚል ካለ፣ ጥናቶች የሚሉት ሌላ ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ) በአሜሪካ የስታንፎርዱ ዋልተር ሚሼል የጀመረውን የከረሜላ ሙከራ ብዙዎች ሰምተውታል። ሕፃኑ ፊት አንድ ጣፋጭ ይቀመጥና ሳትበላ ከጠበቅህ ሁለት ይሆንልሃል ይባላል። መጠበቅ የቻለው የትዕግሥት ልጅ ተባለ። እ.ኤ.አ በ2013 የታተመ የሮቸስተር ዩኒቨርሲቲ ጥናት ግን ሌላ ጥያቄ አነሣ። ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ያሉ ሃያ ስምንት ልጆችን ለሁለት ከፈሉ። ከሙከራው በፊት ለሁሉም የተሻለ ከለርና ስቲከር ይመጣላችኋል ተባሉ። ለግማሾቹ ቃሉ ተፈጸመ፤ ለግማሾቹ ይቅርታ፣ የለም ተባለ። ከዚያ ጣፋጩ ቀረበ። ቃል የተፈጸመላቸው በአማካይ 12 ደቂቃ ያህል ጠበቁ። ቃል የታጠፈባቸው ግን 3 ደቂቃ ያህል ብቻ! ከመጀመሪያዎቹ 14 ልጆች 9ኙ እስከ መጨረሻው 15 ደቂቃ ሲደርሱ፣ ከሁለተኛዎቹ 14 የደረሰው 1 ብቻ ነበር።

የተነሣው ነገር የከለር እርሳስ ነበር። ሆኖም በደቂቃዎች ውስጥ ልጆቹ የዚያን አዋቂ ቃል ዋጋ አውቀው ተመን አወጡለት። ሶብር የለውም እያልን የምናማው ልጅ ምናልባት ሶብር ያጣው የሚያምነው ቃል ስላጣ ሊሆን ይችላል። ሶብር በተስፋ ላይ ይቆማል፣ ተስፋ ደግሞ በታመነ ቃል ላይ።

ሳቁና ክብሩ

ሳቃችንም ቢሆን አማና አለበት። ልጅ ሲያስቀን አብረነው እንሳቅ፣ እርሱም ለምን እንደሳቅን ይንገረን። ነገር ግን ዛሬ ዛሬ ሞባይል አውጥቶ ልጁ ሲያለቅስ፣ ሲሳሳት፣ ልብሱን ሲያበላሽ ቀርፆ ቲክቶክ ላይ መልቀቅ እንደ ቀላል ነገር ተቆጥሯል። በእንግዶች ፊት የተነገረ የልጅ ወግ ከቡናው ጋር ያልቅ ነበር። በበይነ መረብ የተለቀቀው ግን አያልቅም። ልጁ አሥራ አምስት ዓመት ሲሞላው የክፍል ጓደኞቹ ያገኙታል። የሙእሚን ክብር የተጠበቀ ነው ስንል፣ ክብሩ የሚጀምረው ጢም ሲያበቅል ነው ያለ ማን አለ? ፈቃዱን መጠየቅ የማይቻለውን ሰው መሳቂያ ከማድረግ መቆጠብ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ነገር ብዙ ዕውቀት የሚጠይቅ አይደለም። ለልጅ ጥቂት ቃል መግባት፣ የገቡትን መፈጸም፣ ሳይቻል ሲቀርም ምክንያቱን ለትልቅ ሰው እንደሚነገረው መንገር ነው። የማይሆነውን አይሆንም ማለት ነው። ልጁ ያለቅሳል፣ ለቅሶው ግን ሰዓት አይፈጅም፤ የታጠፈ ቃል ግን ዓመታት ይከተላል። ብስኩት ላለመስጠት «ከምሳ በኋላ» ማለት ከ«አለቀ» የሚረዝም በሦስት ፊደል ብቻ ነው። በር የሚያንኳኳ ሰው ሲመጣ ልጅን በውሸት ከመላክ ራስ ወጥቶ «ዛሬ አልተመቸኝም» ማለት የወንድ ልጅ ሥራ ነው። «ኢንሻአላህ» የሚባለውም ለመሄድ ጫማ እየታሰረ መሆን ይኖርበታል።

ልጆቻችን አንድ ቀን ያንን ድብቅ መዝገበ ቃላት መማራቸው አይቀርም። ቃልና እውነት የሚለያዩበት ዓለም ውስጥ ገብተው ይነግዳሉ፣ ይቀጠራሉ፣ ይከራከራሉ። የዚያን ጊዜ ቢያንስ አንድ ቤት፣ ቢያንስ አንድ ሰው ቃሉ እንዳለ የሚወሰድበት እንደነበር ማስታወስ ከቻሉ፣ ከቤትና ከመሬት የሚበልጥ ውርስ አግኝተዋል።

ያቺ የታክሲዋ ልጅ መልሷን ሳታገኝ እኔ መውረጃዬ ደረሰ። አባቷ በማግስቱ ወደ አያቷ ወስዷት እንደሆነ ለኔና ለእናንተ ከባድ ጉዳይ ላይመስል ይችላል። ለእርሷ ግን የአንድ ታላቅ ቃል ትርጉም የሚወሰንበት ቀን ነበር። አላህ (ሱ.ወ) ኢንሻአላህ ስንል እውነት የምንናገር ያድርገን። አሚን።

ወሏሁ አዕለም።